ረግረግን የሚችሉ ዕፀዋት፤ የባሕር ኤል ጀበል ምርምርና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ረግረግ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትንኝ የሚራባበት፣ ከብት የሚሰጥምበት፣ ማረሻ የማይገባበት ከንቱ መሬት ነው። ስለዚህም ልማት ሲታሰብ አስቀድሞ የሚታቀደው ረግረጉን ማድረቅ፣ ወንዙን ማቅናት፣ ቦይ መቆፈር ይሆናል። ነገር ግን በረግረግ ላይ የሚታየው ሣርና ቄጠማ እንዲያው በዘፈቀደ የበቀለ አይደለም። እያንዳንዱ ዓይነት ምን ያህል ጥልቀት ባለው ውኃ፣ ለስንት ወራት፣ ውኃው ምን ያህል ከፍና ዝቅ ሲል ለመኖር እንደሚችል የራሱ ልክ አለው። ይህን ልክ ያወቀ ሰው፣ የውኃ መለኪያ በሌለበት አገር እንኳ፣ ዕፁን በማየት የውኃውን ጠባይ ለመረዳት ይችላል። ልኩን ሳያውቅ ውኃውን የሚነካ ግን የሚያተርፈውንና የሚያጠፋውን ለይቶ ሊናገር አይችልም።

ለዚህ ነገር ከጎረቤታችን ከደቡብ ሱዳን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ በዚያ ያለው ረግረግ እጅግ ሰፊ ሲሆን፣ ስለ ዕፀዋቱ የተደረገው ምርምርም ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱ እናሳስባለን።

ወንዙና ረግረጉ

ከቪክቶሪያና ከአልበርት ሐይቆች የሚወርደው ነጭ ዓባይ ኒሙሌ ላይ ወደ ደቡብ ሱዳን ሲገባ ባሕር ኤል ጀበል ተብሎ ይጠራል፤ ትርጓሜውም በዐረብኛ የተራራ ወንዝ ማለት ነው። ጁባ የተቈረቈረችው በዚሁ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር ሲሆን፣ ጀበል የሚባለው ሰፈርዋና ገበያዋም ስሙን ያገኘው ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ካለው ከጀበል ኩጁር ኮረብታ ነው። ወንዙ በጁባ አጠገብ ሲያልፍ ገና ዳርቻው የጸና፣ ፍሰቱም የፈጠነ ነው። ከጁባ በስተ ሰሜን ሞንጋላን አልፎ ወደ ቦር ሲደርስ ግን መሬቱ ይለጥጣል፤ ውኃው ከመደቡ እየወጣ በግራና በቀኝ ይተኛል፤ ከዚያም እስከ ኖ ሐይቅ ድረስ ሱድ የሚባለው ታላቅ ረግረግ ይዘረጋል።

ሱድ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ መዝጊያ ወይም ግድግዳ ማለት ነው። ስሙም እውነተኛ ነው፤ የሮማው ቄሣር ኔሮን በአንደኛው መቶ ዓመት የዓባይን ምንጭ እንዲፈልጉ የላካቸው ወታደሮች በዚህ ረግረግ መንገድ አጥተው እንደ ተመለሱ በጥንት ጸሐፊዎች ተመዝግቧል። ከ1905 ጀምሮ በሞንጋላ የተደረገው የውኃ ልኬት እንደሚያሳየው፣ በዓመት በአማካይ 33 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ወደ ረግረጉ ሲገባ፣ በሌላው ጫፍ የሚወጣው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው በፀሐይ ኀይል ተንኖ በዕፀዋቱም ቅጠል በኩል ወደ አየር ይሄዳል። የአገሩ ሰዎች ረግረጉን የኑሮ መሠረት ሲያደርጉት የውኃ መሐንዲሶች ግን እንደ ብክነት የቈጠሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላበቃም።

በውኃ ውስጥ ያለ ሥር እንዴት ይኖራል

ስለ ዕፀዋቱ ልክ ከመናገራችን በፊት ውኃ ዕፅን የሚገድልበትን ምክንያት ማስረዳት ይገባል። ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጤፍም ይሁን ማሽላ ወይም ገብስ፣ ውኃ ከተኛበት ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ውኃው ከቈየም ይሞታል። ይህ የሚሆነው ውኃው በዝቶ ስላጠጣው ሳይሆን ሥሩ ትንፋሽ ስላጣ ነው። ሥር እንደ እንስሳ ሁሉ ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ በአፈር ቀዳዳዎች ውስጥ የነበረውን አየር ውኃ ሲተካው፣ የተረፈውን ጥቂት ኦክሲጅን በአፈር ያሉት ረቂቃን ሕያዋን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጨርሱታል። ከዚያም በኋላ በአፈር ያለው ብረትና ማንጋኒዝ ጠባዩን ለውጦ ለሥር መርዝ እስከ መሆን ይደርሳል።

የረግረግ ዕፅ ይህን የሚያልፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ በግንዱና በሥሩ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ያሉ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳዎች ስላሉት፣ ቅጠሉ ከአየር የተቀበለውን ኦክሲጅን እስከ ሥሩ ጫፍ ያወርዳል። የደንገልን ዘንግ የቈረጠ ሰው ውስጡ ቀላልና አየር የሞላበት መሆኑን ያያል፤ የጣና ባላገር ታንኳውን የሚሠራበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሁለተኛው፣ ቅጠሉ በውኃ ተውጦ አየር ፈጽሞ ሲቋረጥ፣ ያከማቸውን ስኳርና ስታርች በቁጠባ እየተጠቀመ እስኪያልፍለት ይታገሣል።

ይህ ሁለተኛው መንገድ በግልጽ ከተጠናባቸው ዕፀዋት አንዱ በአውሮጳ ኩሬዎችና የወንዝ ዳሮች የሚበቅለው ቢጫ አይሪስ የሚባለው አበባ ነው። በእንግሊዝና በፊንላንድ የሚገኙ ሊቃውንት በመሬት ውስጥ አግድም የሚሄደውን ወፍራም ግንዱን ኦክሲጅን በሌለበት ዕቃ ውስጥ እየዘጉ ሲፈትኑት፣ ለብዙ ሳምንታት ሳይሞት ሲቈይ፣ ዘመዱ የሆነውና በደረቅ የአትክልት ቦታ የሚተከለው የጀርመን አይሪስ ግን ይህን ያህል ሊታገሥ አልቻለም። ከዚህም በላይ በ1987 የታተመ ጥናት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አስረድቷል፤ ይኸውም ብዙ ዕፅ የሚጎዳው አየር ባጣበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን አየር በድንገት ሲመለስለት መሆኑ ነው። ቢጫው አይሪስ ግን ኦክሲጅን ተመልሶ ሲመጣ ሊያደርስበት የሚችለውን ጉዳት የሚከላከለውን ንጥረ ነገር ገና በጭንቁ ጊዜ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ይህ ጽናቱም ለሌላው አገር ጠንቅ ሆኗል፤ ለጌጥ ተወስዶ በሰሜን አሜሪካ ከተተከለ በኋላ ከአትክልት ቦታ አምልጦ የብዙ ረግረግ ወራሪ ሆኗልና። የአንድ ዕፅ ቻይነት እንደ ቦታው በረከትም ጠንቅም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በባሕር ኤል ጀበል የተደረገው ልኬት

ወደ ባሕር ኤል ጀበል እንመለስ። ከ1946 እስከ 1954 ድረስ የጆንግሌ የምርመራ ቡድን የሚባል የሊቃውንት ጉባኤ፣ ውኃውን በቦይ ለማሳለፍ የታሰበው ዕቅድ በአገሩ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ሲመረምር ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ከነበሩት አንዱ ሰትክሊፍ የሚባሉት የውኃ ሊቅ በጁባና በቦር መካከል ያለውን የረግረግ ክፍል መርጠው የመሬቱን ከፍታ፣ የውኃውን ጥልቀትና በየቦታው የበቀለውን ዕፅ ጎን ለጎን አስመዘገቡ፤ ውጤቱም በ1974 ታተመ።

የተገኘው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ደንገል ምንም እንኳ የውኃ ዕፅ ቢሆን የውኃውን መለዋወጥ እንደ ልቡ አይችልም፤ በዓመቱ ውስጥ በውኃው ከፍተኛና ዝቅተኛ መጠን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሜትር ተኩል ያህል በላይ በሆነበት ቦታ አይገኝም። የጉማሬ ሣር ግን ከዚያ የበለጠ መለዋወጥና የፈጠነ ፍሰትም ይችላል። በክረምት ብቻ ጥልቀት የሌለው ውኃ በሚተኛበትና በበጋ በሚደርቀው ሜዳ ላይ ደግሞ የዱር ሩዝና የረግረግ ሣር ይበቅላሉ። እንግዲህ በዚያ አገር ከጁባ ወደ ሰሜን በጀልባ የሚሄድ ሰው፣ በመጀመሪያ የጉማሬ ሣርና ሸምበቆ በብዛት ሲያይ ከቦር በታች ደንገሉ የወንዙን ዳር እንደሚወርሰው መመልከቱ በአጋጣሚ አይደለም። በላይኛው ክፍል ወንዙ እንደ ዝናቡ በኀይል ከፍና ዝቅ ይላል፤ በታችኛው ክፍል ግን ረግረጉ ራሱ ውኃውን ስለሚያስታግሠው መለዋወጡ ያንሳል፤ ደንገልም ቦታውን ያገኛል።

አሁን ዋና ዋናዎቹን ዕፀዋት አንድ በአንድ እንመልከት።

ደንገል። ሊቃውንት ሳይፐረስ ፓፒረስ ይሉታል። ቁመቱ ከአራት እስከ አምስት ሜትር ይደርሳል፤ አግድም የሚሄዱት ግንዶቹ ተጠላልፈው በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ወፍራም ምንጣፍ ይሠራሉ። ቢቃጠልም ቢታጨድም ከዚሁ ግንድ እንደገና ያቈጠቍጣል። ነገር ግን በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ የተደረገውና በ1977 የታተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ የደንገል ዘር የሚበቅለው ውኃው ሸሽቶ እርጥብ ጭቃ ሲገለጥ ነው። ስለዚህ ይህ ዕፅ በውኃ ይኑር እንጂ አዲስ ትውልድ ለማፍራት የውኃውን መሸሽ ይጠብቃል። በጥንት ዘመን የግብፅ ወረቀት ይሠራበት የነበረው ይህ ተክል በዚያው በግብፅ ወንዝ ዳር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ስለ ነበር፣ ሐሰን ረጋብ የሚባሉት ግብፃዊ መሐንዲስና አምባሳደር በ1960ዎቹ ዓመታት የወረቀቱን ጥበብ ለማደስ ሲነሡ ተክሉን ከሱዳን ማስመጣት ነበረባቸው።

የጉማሬ ሣር። ቮሲያ ኩስፒዳታ የሚባለው ይህ ሣር ሥሩን በዳር ተክሎ ግንዱን በውኃው ላይ ያንሳፍፋል፤ ውኃው ሲሞላ ከውኃው ጋር ይነሣል፤ ሲጎድልም አብሮ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ዳርቻውን ከመሸርሸር ይጠብቃል፤ ለከብትም መኖ ይሆናል።

ፊላ። ቲፋ የሚባለውና ጫፉ ላይ ቡናማ ዱላ የሚመስል አበባ የሚያወጣው ነው። በመርከብ የሚሄደው መንገደኛ ደንገሉን ከፊት ለፊቱ ስለሚያይ ረግረጉ ሁሉ ደንገል ይመስለዋል። ነገር ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተጠናቀቀው የአየር ላይ ጥናት እንዳሳየው ፊላ ወደ 13,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሸፍን ደንገል የያዘው ወደ 3,900 ብቻ ነበር። ደንገሉ የወንዙን ዳር ይይዛል፤ ፊላው ከበስተ ጀርባ ውኃው ጸጥ ብሎ ዓመቱን ሙሉ የሚተኛበትን ሰፊ ሜዳ ይወርሳል። ከብት ግን ፊላን አይወድም።

የቶይች ሣር። ዲንቃዎች ቶይች የሚሉት በክረምት የሚጥለቀለቀውንና በበጋ ውኃው የሚሸሽለትን የግጦሽ ሜዳ ነው። በዚህ ከሚበቅሉት ውስጥ ኤኪኖክሎዋ ፒራሚዳሊስ የሚባለው ሣር ውኃው ከሄደ በኋላ በጥልቁ ሥሩ እርጥበት እየሳበ በበጋ መካከል ለምለም ሆኖ ይገኛል። ዲንቃዎች፣ ኑዌሮችና ሌሎችም ከብት አርቢዎች ዝናብ በሌለበት ወራት ከብቶቻቸውን ወደ ወንዙ የሚያወርዱት ለዚህ ሣር ነው። ሣሩ ውኃው ቢቀርበትም ሳይሸሽ ቢቈይበትም ይጠፋል፤ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው።

የዱር ሩዝ። ኦሪዛ ሎንጊስታሚናታ የሚባለው ይህ ሣር በዚያው የአየር ላይ ጥናት ወደ 13,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይዞ ተገኝቷል። ፍሬው ስለሚረግፍ ለመከር አይመችም፤ በሩዝ ማሳ ውስጥ ከገባም አስቸጋሪ አረም ነው። ይሁን እንጂ የሩዝን ቅጠል የሚያደርቀውን የባክቴሪያ በሽታ የሚከላከለው ኤክስ ኤ 21 የተባለው የዘር ባሕርይ የተገኘው ከማሊ ከመጣ የዚሁ ዓይነት ሩዝ ነው፤ በ1995ም በረቂቅ ምርመራ ተለይቶ ታወቀ። ደግሞም የቻይና የዩናን ሊቃውንት ይህን የዱር ሩዝ ከሚበላው ሩዝ ጋር አዳቅለው፣ አንድ ጊዜ ተተክሎ ለብዙ መከር የሚቈይ ሩዝ አውጥተው በ2018 ለገበሬዎች ሰጥተዋል። ስለዚህ ከረግረግ የሚጠፋ አንድ ሣር ለዓለም እህል የሚጠቅም ቅርስ ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

ልኩ ሲተላለፍ

ከላይ የተነገረው ልክ እውነት መሆኑን ተፈጥሮ ራሷ በትልቅ ፈተና አሳይታለች። ከ1961 እስከ 1964 ድረስ በምሥራቅ አፍሪቃ የዘነበው ብዙ ዝናብ የቪክቶሪያን ሐይቅ ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ አደረገው። ወደ ባሕር ኤል ጀበል የሚወርደውም ውኃ እጅግ በዛ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ወደ ቀድሞ መጠኑ አልተመለሰም። በ1952 ወደ 2,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመት የነበረው ዘወትር ውኃ የማይለየው ረግረግ በ1980 ወደ 16,000 ደረሰ። በቶይች ዳር የነበሩት ግራሮች ቆመው ደረቁ፤ የግጦሹን ሣር ደንገልና ፊላ ተኩት። ከብት አርቢዎች የከብት፣ ገበሬዎችም የእርሻ ቦታ አጡ።

ይኸው ነገር በእኛም ዘመን ተደግሟል። በ2019 የጀመረው የጎርፍ ዘመን ለተከታታይ ዓመታት ሳይቋረጥ ቈይቶ የጆንግሌንና የዩኒቲን አገር አጥለቀለቀ፤ የዩኒቲ ዋና ከተማ ቤንቲዩ በ2021 እና በ2022 በውኃ ተከብባ የምትኖረው በአፈር ግንብ ተጠብቃ ነበር። ብዙ ከብት ሞተ፤ ብዙ ሕዝብ ተሰደደ። ስደተኛ አርቢዎችም ከብቶቻቸውን ወደ ደቡብ ወደ ጁባ አገር ይዘው በመጡ ጊዜ ከገበሬዎች ጋር ግጭት ተነሣ። ስለዚህ ሣር የመቻል ልክ ለዕፅ ሊቃውንት ብቻ የሚተው ነገር አለመሆኑን፣ የጎረቤት ሰላምም ከእርሱ ጋር የተያያዘ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ልክ የሌለው እንግዳ

ስለ ረግረግ ዕፅ ሲነገር እምቦጭን ማለፍ አይቻልም። እምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በአበባው ውበት ምክንያት በሰው እጅ ወደ ብዙ አገር ተወስዷል። በሱዳን ነጭ ዓባይ ላይ መታየቱ በ1958 ታወቀ፤ በጥቂት ዓመታትም ከጁባ ጀምሮ እስከ ጀበል አውሊያ ግድብ ድረስ ያለውን ውኃ ወረሰ። ደንገል በአንድ ሜትር ተኩል መለዋወጥ ሲወሰን፣ እምቦጭ ግን በውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ የጥልቀቱ መለዋወጥ አያስጨንቀውም። ውኃው ሲሸሽ በእርጥብ ጭቃ ላይ ሥር ይሰዳል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል ሳይሞት ሊቈይ ይችላል። በሞቃት አገር ማዳበሪያና ፍሳሽ በበዛበት ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ለእምቦጭም ቢሆን ድካም አለው። ውርጭ ይገድለዋል፤ ጨዋማ ውኃ አይችልም፤ ከትውልድ አገሩ የመጣ ጠላቱም ያደክመዋል። ሱዳን መድኃኒት ለመርጨት ብዙ ገንዘብ ካወጣች በኋላ፣ ቅጠሉን እየበላ የሚያደክመውን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ትንሽ ጢንዚዛ ከ1978 ጀምሮ በነጭ ዓባይ ላይ ለቀቀች። ጢንዚዛው እምቦጩን ፈጽሞ ባያጠፋውም ኀይሉን ቀንሶታል።

የቦዩ ጉዳይ

ከቦር እስከ ሶባት ወንዝ አፍ ድረስ ውኃውን ከረግረጉ ውጭ ለማሳለፍ የታቀደው የጆንግሌ ቦይ ርዝመቱ 360 ኪሎ ሜትር ነበር። ቁፋሮው በ1978 ተጀምሮ ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ከተቈፈረ በኋላ በ1983 በተነሣው ጦርነት ምክንያት ቆመ። በኋላ የደቡብ ሱዳን የነጻነት ንቅናቄ መሪ የሆኑት ዶክተር ጆን ጋራንግ በ1981 በአሜሪካ በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያዘጋጁት በዚሁ በጆንግሌ ፕሮጀክት አካባቢ ልማት ላይ ነበር። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ከሆነች በኋላም ጉዳዩ አልሞተም። በ2022 ጎርፉን ለማስታገሥ የወንዞቹን መደብ በመኪና እንጥረግ የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ የጁባ ዩኒቨርሲቲ አለቃ የነበሩት ፕሮፌሰር ጆን አኬች ሕዝቡን አስተባብረው ተቃወሙ። ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርም በሐምሌ ወር 2022 ጥናት እስኪደረግ ድረስ ሥራው እንዲቆም አዘዙ።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። ጎርፍ ያፈናቀለው ሰው ውኃው ይውረድልኝ ቢል ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ውኃው ምን ያህል ይውረድ? ለስንት ወር? በየትኛው ሜዳ ላይ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት ከላይ ከተነገረው ልኬት ነው። ውኃው ጥቂት ብቻ ቢወርድ ፊላ የያዘው ሜዳ ለግጦሽ ሣር ሊመለስ ይችላል፤ አብዝቶ ቢወርድ ግን የቶይች ሣርም ከፊላው ጋር ይደርቃል፤ ዓሣውም የሚራባበትን ቦታ ያጣል። ሱድ በ2006 ወደ 57,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ስፋቱ በራምሳር ስምምነት መሠረት በዓለም ከታወቁት ታላላቅ ረግረጎች ጋር ተመዝግቧል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ሁሉ፣ ውኃን ለመውሰድ የሚነሣም ሰው በመጀመሪያው ጥቅም ተታሎ መጨረሻውን እንዳይረሳ ያስፈልጋል።

ለእኛ አገር የሚሆነው

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከጋምቤላ የሚወርደው ባሮ ከሌሎች ወንዞች ጋር ሶባት ሆኖ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው ከሱድ በታች ነው፤ ባሮ ራሱ ሲሞላ ድንበሩን አልፎ የማቻርን ረግረግ ያጠጣል። በጋምቤላ ሜዳ ላይ የዱር ሩዝ ይገኛል፤ በፎገራም እንዲሁ መገኘቱ ሩዝን በዚያ ለመዝራት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነበር። እምቦጭም በአገራችን በ1965 በቆቃና በአዋሽ መኖሩ ታውቆ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ ታየ።

የጣና ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በ1996 የጨረጨራ ግድብ ሐይቁ በሚወጣበት በር ላይ ከተሠራ በኋላ የውኃው ከፍታ በሰው ትእዛዝ የሚወሰን ሆነ። በ2003 ሐይቁ እጅግ ሲጎድል፣ በተገለጠው መሬት ላይ ገበሬው ባሕር ሸሽ ብሎ አረሰ፤ ከብቱም ወረደበት። ገበሬውን አንወቅሰውም፤ መሬት የጠበበው ሰው የተገለጠ ለም ጭቃ ትቶ አይሄድም። ነገር ግን ከናይቫሻ ጥናት እንደ ተማርነው፣ ይህ ጊዜ የደንገል ዘር ሊበቅል የሚችልበት ጊዜ ነው። ደንገሉ እየታጨደና እየተቃጠለ አሮጌው ሲያልቅ፣ አዲሱም በበቀለበት ሰዓት ሲታረስ፣ ታንኳ ሠሪው ዘንግ ቢያጣ፣ ዓሣውም መራቢያውን ቢያጣ፣ ከእርሻ የሚታጠበውም አፈር በቀጥታ ወደ ሐይቁ ቢገባ ሊያስደንቅ አይገባም። በዚያ ባዶ በቀረው ዳር ላይም እምቦጩ ቦታ ያገኛል።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን።

ለባለ ሥልጣኖች፤ በረግረግ ላይ ቦይ፣ ግድብ ወይም መንገድ ከመታሰቡ በፊት ቢያንስ የጥቂት ዓመታት የውኃ ከፍታ ይመዝገብ፤ በየከፍታውም የበቀለው ዕፅ ይጻፍ። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሴንቲሜትር የተቀለመ ጠንካራ ምሰሶ በየረግረጉ ተተክሎ፣ የቀበሌው የእርሻ ሠራተኛ በየሳምንቱ አንብቦ በመዝገብ ቢያሰፍረው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ለመሐንዲስ እጅግ የሚጠቅም ሰነድ ይሆናል። የግድብ በር የሚከፍቱና የሚዘጉ ሰዎችም ከኤሌክትሪክ ኀይሉ ጋር የዳርቻውን ዕፅ ልክ እንዲያስቡ መመሪያ ይሰጣቸው።

ለገበሬዎችና ለከብት አርቢዎች፤ ባሕር ሸሽ መሬት ሲታረስ ከውኃው ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ያህል ዳር ሳይታረስ ይተው፤ የበቀለው ቡቃያ ደንገል እስኪጠና ከብት አይግባበት። ደንገል ሲታጨድ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመንጠር፤ አንዱ ክፍል ሲታጨድ ሌላው ይረፍ። የዱር ሩዝ በማሳ ውስጥ ሲገኝ ይነቀል፤ በረግረጉ ላይ ያለው ግን ይጠበቅ። በሜዳው ላይ ፊላ በየዓመቱ ወደ ግጦሹ ሲገሰግስ ያየ ሰው ውኃው እየቈየ መሆኑን አውቆ ጎተራውንና በረቱን ወደ ከፍተኛ ቦታ ያሸጋግር።

ለከተማ ነዋሪዎች፤ አበባው ስላማረ ብቻ ከሌላ አገር የመጣ የውኃ ተክል በኩሬና በቦይ አይጣል። እምቦጭም ቢጫ አይሪስም ከቤታቸው ወጥተው ወደ ሌላ አገር የሄዱት በአበባ ወዳድ ሰዎች እጅ ነበር። ሳሙናና ቆሻሻ ወደ ወንዝ የሚለቅም ሰው እምቦጭን የሚመግብ መሆኑን ይወቅ።

በየአውራጃው ያሉ የእርሻ ሠራተኞች ይህን ዓመት ሳያሳልፉ በአጠገባቸው ባለው አንድ ረግረግ ላይ ምሰሶውን ቢተክሉና በምሰሶው ዙሪያ የበቀለውን ሣር በአገሩ ሰው አጠራር ቢጽፉ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የሣሩን ስምና ጠባይ ለመጠየቅም ከብቱን በዚያ ካሳደገው ሽማግሌ የሚበልጥ መምህር ስለማይገኝ፣ መዝገቡ ሲከፈት እርሱ አስቀድሞ ይጠራ።